መብራት የማይጠፋበት አዳራሽ

በመቀሌ መብራት የማይጠፋበት ቦታ ቢኖር ስለ መብራት የሚወራበት አዳራሽ ነው። ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም፤ እንጀራዬን የምበላው እዚያ ስለሆነ ባሾፍም በራሴ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል መምህር ነኝ። ስለ ታዳሽ ኃይል፣ ስለ ኃይል ፖሊሲ፣ ስለ «ዘላቂና አስተማማኝ አቅርቦት» ጉባኤ ወይም የሕዝብ ንግግር ሲዘጋጅ ወይ ጥናት አቀርባለሁ፣ ወይ ከኋላ ወንበር ቁጭ ብዬ የታሸገ ውሃዬን እጠጣለሁ። ከሮማናት አደባባይ ብዙም የማይርቀው ያ አዳራሽ ግቢው ውስጥ ትልቅ ጀነሬተር አለው። ከተማው በሙሉ ጠፍቶ እንኳ እዚያ ፕሮጀክተሩ ይሠራል፣ ማይኩ ይሠራል፣ ሻዩ ይፈላል። የአዳራሹ ኃላፊ ግን ቆጣቢ ሰው ነው። የመዝጊያ ንግግሩ ጭብጨባ ሳያልቅ ጀነሬተሩን ያጠፋዋል፤ ጉባኤተኛው ቦርሳውን የሚፈልገው በስልክ መብራት ነው።

ጉባኤዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። የክብር እንግዳው ዘግይቶ ይመጣል፣ ንግግሩን አንብቦ «ሌላ አስቸኳይ ሥራ ስላለባቸው» ተብሎ ይሸኛል። አገሪቱ ያላት የውሃ፣ የነፋስ፣ የፀሐይና የእንፋሎት ሀብት በቀለም በቀለም ተከፋፍሎ ስክሪኑ ላይ ይታያል። አንዱ ተናጋሪ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይላል፤ ከሻይ በኋላ ደግሞ ሌላው ይህንኑ ተረት እንደ አዲስ ይተርተዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ እንስቃለን። ከዚያ የጥያቄ ሰዓት ይመጣል። እኛ ዘንድ ጥያቄ አንድ በአንድ አይመለስም፤ ሦስት ሦስት እየተደረገ ይሰበሰባል። መላሹም ከሦስቱ የሚቀልለውን መርጦ ይመልስና የቀረውን «እንደ ግብዓት ወስደነዋል» ይላል። ይህችን አነጋገር ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ። እንዲያም ሆኖ አልቀርም፤ የእኔም ጥናት የሚቀርበው እዚያው ነው። ጥናቴ የሰፈር ትራንስፎርመሮች ለምን እንደሚቃጠሉ የሚመረምር ነው።

ትውልዴ ወሎ ነው። መቀሌ የመጣሁት ለጊዜው ብዬ ነበር፤ አግብቼ ቀረሁ። የምንኖረው ከመቀሌ ዳር፣ ቁሓ፣ በባለቤቴ ወላጆች ግቢ ውስጥ ነው። አባቷን አገሩ ሁሉ በትግርኛ አቦይ ይላቸዋል፤ እኔም አቦይ እላቸዋለሁ። እናቷን ደግሞ አደይ እላለሁ። ያ መብራትም ስልክም ባንክም ያልነበረበት ክፉ ጊዜ ሲመጣ አንድ ምጣድ ቆሎ ተካፍለን አብረን አሳልፈነዋል፤ ከዚያ በኋላ አማችና አማት መባባል ቀረ።

አቦይ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ለአማርኛ ያላቸውን ዓይነት ፍቅር አፌን የፈታሁበት እኔ እንኳ የለኝም። ከጦርነቱ በኋላ በአደባባይ አማርኛ ሲናገሩ ቀና ብሎ የሚያያቸው ሰው አልጠፋም፤ እሳቸው ግን «ቋንቋው ምን አጠፋ?» ብለው ክራቫታቸውን ያስተካክላሉ። አደይ ደግሞ ገበያ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ ምላሳቸው ስለት የሆነ ሴት ነበሩ። አቦይ አንድ ነገር ጀምረው እስኪጨርሱ አደይ ሁለት ደንበኛ ሸኝተው ይመለሳሉ ይባል ነበር።

የአደይ ሳንባ እየከዳቸው መጣ። ሐኪሞቹ ቤታቸው ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ኦክስጅን እንዲወስዱ አዘዙ። ውጭ አገር ያለው ልጃቸው አንድ መሣሪያ በሰው እጅ ላከ፤ ቁመቷ እስከ ጉልበት የምትደርስ ሳጥን ናት፣ የክፍሉን አየር ስባ ኦክስጅኑን ለይታ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫ ትልካለች። የምትሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ፣ ኃይሉ ሲወርድም ጭምር፣ ያለማቋረጥ ትጮኻለች። አደይ ስም አወጡላት፤ «ደርሆ» አሏት፣ ዶሮ ማለታቸው ነው። «ደርሆዋ ጮኸች» ካሉ ማናችንም ብንሆን የያዝነውን ጥለን እንሮጣለን። ለመጠባበቂያ የኦክስጅን ሲሊንደር ነበረን፤ እሱ ግን ቶሎ ያልቃል፣ ለመሙላትም መብራት ያስፈልጋል። ኢንቨርተርና ባትሪ ገጥሜላቸው ነበር። የገዛሁት ባትሪ አሮጌ ሆኖ ተገኘ፤ አምፖል ያበራል፣ ደርሆዋን ግን አንድ ምግብ ተበልቶ እስኪያልቅ እንኳ አያኖራትም። አዲስ ባትሪ ለማምጣት የማውቀውን ሰው ሁሉ ለመንኩ። ሁሉም «እየመጣ ነው» ይላል።

የሰፈራችን ትራንስፎርመር ከቤታችን በር ላይ ይታያል። ምሰሶው ላይ የተሰቀለው ያ ሳጥን የተተከለው ጥቂት ቤት ለነበረው ሰፈር ነው። አሁን ሦስት ወፍጮ ቤት፣ የብየዳ ሱቆችና ከገጠር ተፈናቅሎ የመጣ ሕዝብ ሁሉ ከእሱ ላይ ተንጠልጥሏል። ወፍጮዎቹ ሲነሡ የቤታችን አምፖል ይደበዝዛል፣ ደርሆዋም ትጮኻለች። ትራንስፎርመሩ ስንት ጭነት እንደሚችል፣ ስንት እንደተጫነበት፣ መቼ ሊቃጠል እንደሚችል አውቃለሁ፤ በወረቀትም አሳትሜዋለሁ። አንድ ቀን አቦይ «ታዲያ ወደይ፣ የምታውቀው አንተ አይደለህ? ለምን አይቀየርም?» አሉኝ፤ «ወደይ» ልጄ ማለታቸው ነው።

«አቦይ፣ እኔ የማውቀው ለምን እንደሚቃጠል ነው» አልኳቸው። «ማን እንደሚቀይረው አላውቅም።»

ደጋግመው ወደ መብራት ኃይል ቢሮ ሄደዋል። ቢሮው «ተራችሁን ጠብቁ» ብሏቸዋል፤ ውሸትም አልነበረም፤ ያልተቀየረው ትራንስፎርመር የትየለሌ ነው። አቦይ ግን ሌላ ብልሃት አሰቡ። «ሹም በቢሮው ውስጥ ያሻውን ይላል» አሉኝ። «በአደባባይ ሲጠየቅ ግን ያፍራል። የሰው ዓይን አለበት። አንተ የምትሄድባቸው ጉባኤዎች ላይ ትልልቆቹ ይመጡ የለም? እዚያ እጠይቃለሁ።» በአደባባይ የተጠየቀ ሰው ያፍራል ብሎ የሚያምን ትውልድ እየሞተ እንደሆነ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። አደይ ዓይናቸውን ሲያጠቡብኝ ተውኩት።

የመጀመሪያው ቀን ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ክራቫት አስረው መጡ። ቀኑን ሙሉ አንድም ሳያንቀላፉ አዳመጡ። እንቅልፍ የወሰደው እኔን ነበር። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ እጃቸውን እንደ ተማሪ አነሡ፣ አወያዩም ለሽምግልናቸው ሲል መጀመሪያ ዕድል ሰጣቸው። ለአንድ ጠያቂ የተፈቀደው ሁለት ደቂቃ ነው። አቦይ ማይኩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ከወንበራቸው ተነሡ።

«በመጀመሪያ ይህን የተከበረ ዕድል ስለሰጣችሁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከሩቅ አገር ድካም ሳይበግራችሁ የመጣችሁ እንግዶቻችን እንኳን በደኅና መጣችሁ፤ ቤታችሁ ነው። ይህን ጉባኤ ያዘጋጃችሁ ልጆቻችን ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ጥናታቸውን ያቀረቡልን ሊቃውንት ብዙ ትምህርት አግኝተንባችኋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ…»

አወያዩ ብርጭቆውን በእስክሪብቶ መታ። ሁለት ደቂቃው አልቋል። አቦይ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና ተቀመጡ፤ ሰውም አጨበጨበላቸው። ጥያቄው ውኃ በላው።  ሚኒባስ ውስጥ ንዴቴን አልቻልኩትም፤ «አቦይ፣ ምስጋናው ለምንዎ ነው? ዝም ብሎ ትራንስፎርመራችን ይቀየርልን አይባልም?» አልኳቸው።

ተቀየሙኝ። «ሳላመሰግን ልጠይቅ?» አሉኝ። «ለማኝ እንኳ መርቆ ነው የሚለምነው።»

ማታ የሆነውን ለአደይ ስነግራቸው ቱቦው ከአፍንጫቸው እስኪወጣ ሳቁ፤ ከሳቁ በኋላ ለረጅም ጊዜ አቃሰቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምድ ገባን። አቦይ ሳሎኑ መሐል ይቆማሉ፣ አደይ አልጋቸው ላይ ብርጭቆና ማንኪያ ይዘው አወያይ ይሆናሉ። አቦይ «በመጀመሪያ ይህን የተከበረ…» ማለት ሲጀምሩ ብርጭቆው ይመታል።

«ጊዜህ አልቋል!» ይላሉ አደይ። «ሚስትህም አልቃለች! ሌላ ጠያቂ!»

አቦይ ይቆጣሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ፣ አደይ እንደገና ይመታሉ። እኛ በሳቅ እንሞታለን። ያን ጊዜ ደስ ይለን ነበር፤ እውነቴን ነው። መብራት እያለ፣ ደርሆዋ ዝም ብላ እያጉረመረመች፣ እንዲህ ስንጫወት ነገሩ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር። እየቆየ አቦይ ምስጋናውን ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር አወረዱት። ለእሳቸው ክራቫት አውልቆ አደባባይ የመውጣት ያህል ነበር።

ቀጥሎ በነበረው የሕዝብ ንግግር ላይ ተሳካላቸው። ርዕሱ «የከተሞች የኃይል ፍላጎትና የፖሊሲ አማራጮች» ነበር፣ መላሾቹም ከአዲስ አበባ የመጡ ነበሩ። አቦይ ተነሡ፣ በአንድ ትንፋሽ አመሰገኑ፣ ጠየቁም፦ «እኔ የቁሓ ነዋሪ ነኝ። ባለቤቴ የምትተነፍሰው በኤሌክትሪክ ነው። የሰፈራችን ትራንስፎርመር መቼ ይቀየራል?» ሰው ሁሉ ወደ መላሾቹ ዞረ። እኔ ራሴ፣ ይህን ሁሉ የማውቀው ሰው፣ ልቤ ዘለለ። የሰው ዓይን አለበት ያሉት እውነት ሊሆን ነው እንዴ ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ አወያዩ «ሁለት ጥያቄ እንጨምር» አለ።

አንዱ ወጣት በሬ ወለደ የሚያህል ጥያቄ ጠየቀ፣ ስለ ኒውክሌር ነው። ሌላው ጠያቂ ስለ ኃይል ሽያጭ ወደ ጎረቤት አገሮች ጠየቀ። መላሹ ስለ ኒውክሌር ለረጅም ጊዜ አወራ፣ ሻይ ተፈልቶ እስኪቀርብ አወራ። በመጨረሻም ወደ አቦይ ዞሮ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «የአባታችን ጥያቄ በጣም ልብ የሚነካ ነው» አለ። «እንደ ግብዓት ወስደነዋል።»

አቦይ እየበረሩ ቤት ገቡ። ክራቫታቸውን ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ለአደይ አበሠሯቸው፤ ጥያቄው ተሰምቷል፣ ጸሓፊዋም ስትጽፍ አይተዋታል፣ እንደ ግብዓት ተወስዷል።

አደይ ወደ እኔ ዞሩ። «ግብዓት ማለት ምን ማለት ነው፣ ወደይ?»

«ወስደውታል ማለት ነው፣ አደይ» አልኩ።

«ወዴት?»

 አቦይ «ወደ አዲስ አበባ ነዋ!» አሉ። አደይ ፈገግ ብለው እጃቸውን ያዙላቸው። የባላቸውን ደስታ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ማጥፋት አልፈለጉም።

ከዚያ ወዲህ አቦይ በየማለዳው በር ላይ ወንበር አውጥተው ምሰሶውን ይጠብቁ ጀመር። መሰላል የጫነ መኪና ካለፈ ይነሣሉ። መኪናው ያልፋል። የአደይ ከንፈር እየጠቆረ፣ ቁርጭምጭሚታቸው እያበጠ መጣ። ከአልጋ ወደ በር ለመሄድ መሐል ላይ ወንበር ያስፈልጋቸው ጀመር፤ በኋላ ደግሞ ወንበሩም አላስፈለገም፣ መሄዱ ቀረ። ደርሆዋ በምትጮኽበት ሰዓት ባለቤቴ ወፍጮ ቤቶቹን እየዞረች «እባካችሁ ለትንሽ ጊዜ አቁሙልን» ትል ነበር። ያቆሙላታል፤ ደጎች ናቸው። ግን የሰው እህል ተሰልፎ ስንት ጊዜ ያቆማሉ?

አንድ ታላቅ ጉባኤ በተካሄደበት ቀን ዋናው መስመር ተበላሽቶ ከተማው በሙሉ ጠፍቶ ነበር። የጠፋው ከዋዜማው ጀምሮ ነው። ሲሊንደሩን በጠዋት አየሁት፤ የመለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ወርዷል። የሚሞላልን ቦታም መብራት የለውም። ሆስፒታል እንውሰድዎ አልን። አደይ እንቢ አሉ። «እዚያ ከገባሁ አልወጣም፤ አውቀዋለሁ» አሉ። ስንለምን፣ ስንቆጣ፣ ባለቤቴ ስታለቅስ፣ አደይ ክራቫቴን ሳስር አዩኝ።

«ዛሬ ስብሰባ አለህ?»

«አዎ፣ አደይ። እቀራለሁ።»

«ምን ትቀራለህ! ስለ መብራት የምታወሩበት ቤት መብራት አለው አይደል?»

«ጀነሬተር አለው።»

«እንግዲያው ወደዚያ ውሰዱኝ» አሉ። «እስኪ ግብዓቱ የሄደበትን አገር ልየው።»

ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ወረድን። አቦይ ደርሆዋን ታቅፈው፣ እኔ ሲሊንደሩን በሁለት ጉልበቴ መሐል ይዤ፣ አደይ ነጠላቸውን ተከናንበው። ለአዳራሹ ኃላፊ ነገሩን አስረዳሁት። ክፉ ሰው አይደለም። ከኋላ በኩል፣ ሶኬቱ አጠገብ፣ የክብር እንግዶች የሚቀመጡበትን ለስላሳ ወንበር አምጥቶ አደይን አስቀመጣቸው። ሶኬቱን ስሰካው ደርሆዋ አንዴ ጮኸችና አረንጓዴ መብራቷን አበራች። አደይ ትንፋሻቸው እየተመለሰ መጣ። አዳራሹን ዞር ዞር ብለው አዩት፣ ባነሩን፣ አበባውን፣ የታሸገውን ውሃ። «ቆንጆ ቤት ነው» አሉ።

ያን ቀን ስለ ጉባኤው የማስታውሰው ጥቂት ነው። የእኔ ተራ ደርሶ ስለ ትራንስፎርመሮች አቀረብኩ። ሰንጠረዡን እያሳየሁ ዓይኔ ከኋላ ያለችው አረንጓዴ መብራት ላይ ነበር። በሻይ ሰዓት አንዳንድ እንግዶች መሣሪያዋ ለኤግዚቢሽን የመጣች መስሏቸው መጥተው ጎበኟት። አንዱ ስንት ዋት እንደምትወስድ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ «በፀሐይ ኃይል ልትሠራ ትችላለች» ብሎኝ ሄደ። አንዷ ደግሞ ከአደይ ጋር ፎቶ ተነሣች። አደይ ለፎቶው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ዳቦ ቆሎ ሰጧቸው፣ ትንሽ ቀመሱ። ከምሳ በኋላም እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ እንደዚያ ያለ ሰላማዊ እንቅልፍ ከተኙ ቆይተው ነበር። ጥናት አቅራቢው ጮክ ሲል አቦይ ከኋላ ሆነው በእጃቸው ዝቅ በል ይሉት ነበር።

ወደ ማምሻው ለባለቤቴ ደወልኩ። ቁሓ መብራት አልመጣም። ዓይደር ሰፈር ያለ ወዳጄ ዘንድ ደወልኩ፣ አልመጣም። ወደ ኃላፊው ሄጄ ጉባኤው ካለቀ በኋላ ጀነሬተሩን ለትንሽ እንዲያቆይልን ለመንኩት። ናፍጣ እኔ ልግዛ ብዬው ነበር፤ ግን ማደያዎቹ ሁሉ ደርቀው ሰንብተዋል፣ እሱም ያውቃል።

«ለነገው ስብሰባ ብቻ የምትበቃ ናት የቀረችኝ፣ መምህር» አለኝ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «አለቆቼ አሉብኝ። ስብሰባ ላይ እያላችሁ ግን አላጠፋም። ሰው እየተናገረ አጥፍቼ አላውቅም።»

ይህን ለአቦይ ነገርኳቸው።  ወደ አደይ አዩ፣ ወደ አረንጓዴዋ መብራት አዩ፣ ከዚያ ክራቫታቸውን አጠበቁ። መድረኩ ላይ አወያዩ «ጊዜያችን ስላለቀ የመጨረሻ ሦስት ጥያቄ ብቻ» አለ። ሁለቱ ጠየቁ። ሦስተኛው አቦይ ነበሩ።

«በመጀመሪያ» አሉ አቦይ፣ «ይህን የተከበረ ዕድል ስለሰጣችሁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።»

በዝግታ ነበር የሚናገሩት። ከሩቅ የመጡትን በየአገራቸው እየጠሩ አመሰገኑ። አዘጋጆቹን፣ አቅራቢዎቹን አመሰገኑ፤ የእያንዳንዱን ጥናት ርዕስ ሳይሳሳቱ እየጠሩ ያገኙትን ትምህርት ዘረዘሩ። ብርጭቆው ተመታ። «እየመጣሁ ነው ልጄ» አሉ አቦይና ቀጠሉ። ሻይ ያቀረቡትን ልጆች አመሰገኑ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብለው ወደ ልጅነታቸው ሄዱ፤ ፋኖስ ይዘው ስላጠኑበት ቤት፣ የመጀመሪያውን የመንገድ መብራት ሊያዩ ከቁሓ በእግር ስለወረዱበት ምሽት፣ አምፖሉን በትንፋሽ ሊያጠፋ እፍ ስላለው አጎታቸው ተረኩ። አዳራሹ ሳቀ። ብርጭቆው ደጋግሞ ተመታ። እኔ፣ ምስጋናው ይቆረጥ እያልኩ ስነዘንዛቸው የከረምኩት ሰው፣ ከጎናቸው ቆሜ በሹክሹክታ «ይቀጥሉ፣ አቦይ፣ ይቀጥሉ» እላለሁ። አደይ ነቅተዋል። የሚሆነው ገብቷቸዋል፤ አቦይን ዓይን ዓይናቸውን እያዩ ይስቃሉ። እንደዚያ ቀን ባላቸውን በኩራት ሲያዩ አላየሁም።

እንግዶቹ ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ፤ አውሮፕላን ነበረባቸው። አንዳንዱ ቦርሳውን ይዞ ተነሣ። አወያዩ ትዕግሥቱ አለቀ።

«አባታችን፣ ይቅርታ፣ ጥያቄዎ ምንድን ነው?»

አቦይ ማይኩን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ጥያቄውን ቢጠይቁ ጉባኤው ያልቃል። 

«ጥያቄዬማ ረጅም ነው፣ ልጄ» አሉ። «ትንሽ ታገሠኝ። ገና አመስግኜ አልጨረስኩም።»

አንድ ወጣት መጥቶ በትሕትና፣ ትከሻቸውን እየዳሰሰ፣ ማይኩን ከእጃቸው ወሰደ። አወያዩ የተነሡት ሐሳቦች ሁሉ እንደ ግብዓት መወሰዳቸውን ገለጸ፣ ጉባኤው በታቀደው መሠረት በስኬት መጠናቀቁን አበሠረ፣ መልካም ጉዞ ተመኘ። ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያልቅ ጀነሬተሩ ጠፋ።

ደርሆዋ ጮኸች። በዚያ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ጩኸቷ ከቤት ውስጥ ይልቅ ያስፈራ ነበር። ሰዎች የማን ስልክ ነው እያሉ ኪሳቸውን ዳሰሱ። የሲሊንደሩን ቧንቧ ከፈትኩ። አዳራሹንም፣ ጥናቴንም፣ ያንን ባለቀለም ሰንጠረዥም ጠላሁት። የሰውን ትንፋሽ ያህል ነገር በንግግር ርዝመት የምንለካ ሰዎች ምን ዓይነት ሰዎች ነን? አሁንም ድረስ ያናድደኛል።

ያቺ የቀረችው ኦክስጅን የበቃችው ሆስፒታል በር ድረስ ነው። መኪናው ውስጥ አደይ እጃቸውን አቦይ ጉልበት ላይ አድርገው ነበር። መናገር አልቻሉም፤ በጣታቸው ግን ጉልበታቸውን ሁለት ጊዜ መቱት፣ በማንኪያ ብርጭቆ እንደሚመቱት አድርገው። አቦይ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ሾፌሮቹን ረሳኋቸው» አሉኝ ቆይተው በትግርኛ። «ሾፌሮቹን አላመሰገንኩም፣ ወደይ። እነሱን ባስታውስ ኖሮ ትንሽ ይጨምር ነበር።»

አደይ እንዳሉት ሆነ፤ ከሆስፒታል አልወጡም። የቀበርናቸው የቁሓ መብራት ተመልሶ መልሶ በጠፋበት ሳምንት ነው። ደርሆዋን ለሌላ ታማሚ ሰጠናት፤ እዚያም የሚጠብቃት ያው ዓይነት ምሰሶ ነው። ትራንስፎርመሩ ዛሬም በራችን ላይ አለ። አቦይ ወንበራቸውን ከበር አንሥተው ወደ ጓሮ አዞሩት።

ሌላ ጉባኤ መጣ፤ ጉባኤማ መቼ ይጠፋል። ጥናት እንዳቀርብ ተጠየቅሁ፣ እንቢ ማለት አልቻልኩም። ጠዋት ስወጣ አቦይ ለብሰው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ክራቫት አላሰሩም።

«ይቅርብዎ፣ አቦይ» አልኳቸው።

«አልናገርም» አሉ። «የተቀመጠችበትን ቦታ ልየው ብዬ ነው።»

ከኋላ፣ ሶኬቱ አጠገብ ተቀመጡ። ለስላሳው ወንበር የለም፣ ወደ ፊት ተመልሷል። ቀኑን ሙሉ አልተንቀሳቀሱም። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ እጃቸውን አላነሡም፤ አወያዩ ግን አወቃቸው። ያ የቀድሞው አወያይ ነው። ፈገግ ብሎ «የጉባኤዎቻችን ባለውለታ አባታችን አሉ፤ ዛሬስ ሳይጠይቁን አይሄዱም» አለና ማይክ ላከላቸው። አንዳንዱ ሰው ገና ካሁኑ ሰዓቱን አየ።

አቦይ ተነሡ። ማይኩን በአንድ እጃቸው ያዙት።

«ጥያቄ የለኝም» አሉና ማይኩን መልሰው ተቀመጡ።

አላመሰገኑም። እኔ ካወቅኋቸው ጀምሮ ሳያመሰግኑ ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም። አወያዩ ግን ደስ አለው።

«እናመሰግናለን» አለ። «ሌሎቻችሁም እንደ አባታችን እንዲህ አጠር አጠር አድርጉልን።»